የመጋዘን አያያዝ ጉድለት

ቁይ፣ ግንቦት 4

ለይታያል፣

ሰላምታውን ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ። ንዴቴ ሳይወጣልኝ ሰላምታ ብጽፍልህ ውሸት ይሆንብኛል።

ደህና ነዎት ወይ ላልከው ደህና ነኝ። ቅጹ ደርሶዎታል ወይ ላልከውም ደርሶኛል። ሾፌሩ አለበል አውቶቡሱን እንኳ ሳያቆም በመስኮት ወርውሮልኝ አለፈ፤ ከመንገድ ላይ ለቅሜ ነው ያነበብኩት።

ከላዩ "የዕውቀት ማስተላለፊያ ቅጽ" ይላል። አሥራ አራት ጥያቄ! "በሥራ ዘመንዎ ያካበቱትንና በጽሑፍ ያልሰፈረውን ዕውቀት ለተተኪዎ ይግለጹ።" ወይ ጉድ! ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ የገበሬ ማኅበሩን መጋዘን ቁልፍ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ስዞር፣ አንድ ቀን "የብርጓል፣ ለመሆኑ ምን ታውቂያለሽ?" ያለኝ የዩኒየን ሰው የለም። ግንቦት ሠላሳ ቁልፉን አስረክቢ የሚል ደብዳቤ በጻፋችሁልኝ በሳምንቱ ነው ዕውቀቴ የናፈቃችሁ? የማውቀው ነገር ካለ ለምን ታባርሩኛላችሁ? የማላውቅ ከሆነስ ምኑን ነው የምታስጽፉኝ?

ሪፖርትህን አንብቤዋለሁ። ሥራ አስኪያጃችሁ አቶ ዓለምነው ልኮት የማኅበሩ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። የችግር ዛፍ ስለህበታል። ቅርንጫፉ ላይ "ዓምና ለቁይ ገበሬዎች የታደለው የስንዴ ምርጥ ዘር አልበቀለም" ይላል። ሥሩ ላይ ደግሞ "የመጋዘን አያያዝ ጉድለት"። የቁይ መጋዘን ኃላፊ ማን ናት? እኔ። ስሜን አልጻፍከውም፤ አላስፈለገህምማ። አሁን ገበያ ስወጣ ሴቶቹ ከኋላዬ "ዘራችንን የገደለችው" እያሉ ይጠቋቆሙብኛል። ማሳቸው ባዶውን ከርሞ ልጆቻቸውን በተበደሩት እህል ያሳደሩ ናቸው፤ አልፈርድባቸውም። ባንተ ነው የምፈርደው።

ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ስትማር ሁለት ዓመት እኔ ቤት አድረሃል። እናትህ ከገጠር ስንቅህን ስትልክ እያበጠርኩ የነቀዘውን የምለይልህ እኔ ነበርኩ። ያኔ አያያዜ ጉድለት አልነበረውም?

በስልክ እንዳትደውልልኝ። ኔትወርኩ ሲመጣ ሲሄድ ነው። ቢኖርም ስልክ ላይ የተባለ ነገር ኋላ የት ይገኛል? የምትለው ካለህ በወረቀት ጻፍ፤ አስቀምጠዋለሁ።

ቅጹን አልሞላም። ቁልፉንም በእጄ ከምሰጣችሁ መጥታችሁ ካንገቴ ብትበጥሱት ይሻለኛል።

እንዴት ሰነበትክ።

የብርጓል

*

ደብረ ማርቆስ፣ ግንቦት 7

ለማከብርዎት እትዬ የብርጓል፣

የላኩትን ደብዳቤ የቢሮዬን በር ዘግቼ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ይቅርታ ልጠይቅዎት ነበር የተቀመጥኩት። ነገር ግን ያላደረግኩትም ስለተለጠፈብኝ መጀመሪያ ላስረዳዎት።

ዩኒየኑ እኔን የቀጠረኝ ቢሮው የማያውቀውንና ሰው የሚያውቀውን ነገር እንድሰበስብ ነው። ስብሰባ ላይ የሚናገረው ሁልጊዜ አለቃ ነው፤ ሌላው "እንዳሉት ነው" ብሎ ይበተናል። በዚህ ምክንያት ነው የካርዱን ዘዴ ያመጣሁት። እያንዳንዱ ሰው ስሙን ሳይጽፍ የችግሩ ምክንያት የሚመስለውን በአንድ ካርድ ላይ ያሰፍራል። ገበሬውም ሊቀ መንበሩም እኩል አንድ ካርድ ነው ያላቸው። እርስዎ ጋ በሚያዝያ ስንሰበሰብ ሠላሳ አራት ሰው ካርድ ወስዷል። ከሠላሳ አራቱ ሃያ ሰባቱ የመጋዘን አያያዝ ጉድለት ነው ብለው ጽፈዋል። እኔ ምን ላድርግ? ልደብቀው? እኔ እርስዎን አልከሰስኩም፤ ሰው የጻፈውን ነው የለቀምኩት። ቁልፍ ያስረክቡ ያለውም ቦርዱ ነው።

ቅጹን ግን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። አጉል ሰዓት እንደደረሰ አሁን ገብቶኛል። ለዚህ ይቅርታ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያን ቀን እርስዎም ካርድ ሲወስዱ አይቻለሁ። ምን ብለው ጻፉ? ከሌሎቹ የተለየ ሐሳብ ከሆነ ለቦርዱ ላቀርበው እችላለሁ።

አክባሪዎ ይታያል

*

ቁይ፣ ግንቦት 9

ይታያል፣

ደግሞ ቁጥር ይዘህ መጣህብኝ? ሃያ ሰባት ሰው! እሰየው!

እስቲ አንድ በአንድ እንነጋገር። ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ካርድ ወስዳለች? ወስዳለች፤ ከጎኔ ነበር የተቀመጠችው። በጣት አሻራ የምትፈርም ሴት ናት። አያ አበረስ? መነጽራቸው ከጠፋ ሁለት ፋሲካ አልፏል፤ ጎረቤታቸውን እንኳ በድምፅ ነው የሚለዩት። የቀሩትን ልቁጠርልህ ወይስ ይበቃሃል? ለነዚህ ሰዎች ካርድህን ማን የጻፈላቸው መሰለህ፣ መልአክ?

አንተ ፊት ለፊት ቆመህ ስለ ዛፍህ ስታስረዳ ከኋላ ወንበር ምን ይሠራ እንደነበር ቀና ብለህ አላየህም። ምስጋናው ነበር የጻፈላቸው። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጥላ ተክሎ ማመልከቻ የሚጽፈው ምስጋናው፤ እሱም የማኅበሩ አባል ነው። የኛ ሰው መንግሥት የሚነካው ወረቀት ሲሰጠው ወደ ምስጋናው መሄድ ለምዷል። አንድ በአንድ እየሄዱ ጆሮው ላይ ጎነበሱ፤ እሱም ጻፈ፣ ጻፈ፣ ጻፈ። አንተ ደግሞ "ተሳትፎው ደስ ይላል" ብለህ አመሰገንክ። ሰምቼሃለሁ።

ወለተ ሥላሴ ለምስጋናው የነገረችውንም ሰምቻለሁ። "ዘሩ ዓምና ከማርቆስ ሲራገፍ ነበርኩ። ጆንያው ትኩሳት እንደያዘው ሰው ይፋጅ ነበር" ነው ያለችው። ይህ ከካርዶችህ በየትኛው ላይ አለ? ካርቶኑን ክፈትና ፈልግ!

ስለ እኔ ካርድ ተወኝ።

እንዴት ሰነበትክ።

የብርጓል

*

ደብረ ማርቆስ፣ ግንቦት 13

ለማከብርዎት እትዬ የብርጓል፣

ካርቶኑን ከፈትኩት። ካርዶቹን ወለሉ ላይ ዘረጋኋቸው።

ሃያ ሰባቱም በአንድ ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በአንድ ሰው እጅ የተጻፉ ናቸው። ሁሉም "በመጋዘን አያያዝ ጉድለት ምክንያት" ብለው ነው የሚጀምሩት። ወለተ ሥላሴ ያሉት የትም የለም። ትኩሳት የሚል ቃል የለም፤ ማርቆስ የሚልም የለም። ዘጠኙ መጨረሻቸው ላይ "ከማክበር ሰላምታ ጋር" ይላሉ። እግዚአብሔር ያሳይዎት፣ ስም በሌለበት ካርድ ላይ ከማክበር ሰላምታ ጋር!

ከዚህ የባሰውን ልንገርዎት። ይህን ሰላምታ ዛሬ አይደለም ያየሁት። ካርዶቹን ወደ ኮምፒውተር ስገለብጥ ከሠንጠረዡ እየተረፈ ስላስቸገረኝ እየቆረጥኩ ጣልኩት። አይቼዋለሁ ማለት ነው። አየሁት፣ ቆረጥኩት፣ ከዚያም ሃያ ሰባት ሰው ብዬ ደመርኩት። ዛሬ ለራሴ የተናገርኩትን ለእርስዎ አልጽፈውም።

ይህን ምስጋናው የተባለ ሰው ግን አልምረውም። የሰው ቃል ለውጦ መጻፍ ወንጀል ነው። ከአቶ ዓለምነው ጋር ይተዋወቃል? ምን አግኝቶበት ነው? እባክዎ ይጠይቁልኝ፤ ማስረጃ ካገኘሁ እከሰዋለሁ።

ሌላም አለ፤ አይቆጡኝ። የመዝገብ ቤቱን ፋይል አይቻለሁ። የዓምናው ዘር ትኩስ ከነበረ ለምን ተረከቡት? ሞዴል 19 ገቢ ደረሰኙ ላይ "በመልካም ሁኔታ ተረክቤያለሁ" ከሚለው ሥር ያለው ፊርማ የእርስዎ ነው። ቦርዱ መጀመሪያ የሚያነሳብኝ ይህን ነው።

ካርድዎ ላይ የጻፉትንም ቢነግሩኝ ይረዳኛል።

ይታያል

*

ቁይ፣ ግንቦት 16

ይታያል፣

አይቆጡኝ አልከኝ? ተቆጥቻለሁ።

ምስጋናው ጋ ሄድኩ። ፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ ባለጉዳይ ሁሉ ባለበት፣ አፌ እንዳመጣልኝ ጮኽኩበት። ሰውዬው ከዱካው ተነስቶ "ይቀመጡ እትዬ" አለኝ። አልቀመጥም አልኩት። ምን በደልኩህ፣ ለምን ሰው ያላለውን ጻፍክብኝ ብዬ ያዙኝ ልቀቁኝ አልኩ። ሰምቶኝ ሲያበቃ ምን አለኝ መሰለህ?

"እትዬ፣ ማመልከቻ የሚቀበለውን መሥሪያ ቤት አይከስም። ዩኒየኑን ለዩኒየኑ ከከሰሱት ወረቀቱ መዝገብ ቤት ሳይደርስ ይቀራል። ጥፋቱን ከታች ላለው ይሰጡና ከላይ ያለውን 'መፍትሔ ይሰጠን ዘንድ' ይሉታል። እኔ አሥራ ስድስት ዓመት ጽፌ አንድ ማመልከቻ አልተመለሰብኝም። ሰዉ ምትክ ዘር እንዲያገኝ ብዬ ነው እንጂ እርስዎን ለመጉዳት መቼ አሰብኩ?" ቀጥሎም "የእርስዎን ስም እኮ አልጻፍኩም" አለኝ፤ ልክ እንዳንተ።

ከዓለምነው ምንም አላገኘም። ሁለቱ ሰላምታም የላቸውም። ካርዱ የተላከው ለዩኒየን ስለሆነ ለእሱ ማመልከቻ ነው፤ ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ ደግሞ ያውቃል። ስለዚህ እከሰዋለሁ እያልክ አትፎክርብኝ። እሱ ሥራውን ሠርቷል። ያልሠራኸው አንተ ነህ! ደብተር ይዘህ ወለተ ሥላሴ አጠገብ ቁጭ ብትል ትነግርህ ነበር። አፍ አላት እኮ።

ወደ ፊርማው ልምጣ። አዎ፣ ፈርሜያለሁ። መኪናው የመጣው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። እጄን ጆንያው ውስጥ ከትቼ አውጥቼ ለአቶ ዓለምነው ደወልኩለት። ዘሩ ታሟል፣ አልረከብም አልኩት። "የዘር ወቅት ሊያልፍ ነው፤ ሰዉ ባዶ እጁን ከሚቀር ፈርመሽ አከፋፍይ፤ ኃላፊነቱ የእኔ ነው" አለኝ። በስልክ! አሁን ገባህ ለምን ወረቀት ጻፍ እንዳልኩህ? ዛሬ ጠይቀው፤ "አላስታውስም" ይልሃል። የእኔ ፊርማ ግን ፋይሉ ውስጥ አለ።

አንድ ዓመት ሙሉ አንጀቴ ሲያር የከረመው ለዚህ ነው። ከንዴቴ ግማሹ በራሴ ላይ ነው። በራሴ መናደዴን ለሌላ ሰው አልተናገርኩም፤ አንተም አፍህን ሰብስብ።

ስለ ካርዴ ሁለቴ ጠየቅኸኝ። ሦስተኛ እንዳትጠይቀኝ።

እንዴት ሰነበትክ።

የብርጓል

*

ደብረ ማርቆስ፣ ግንቦት 21

ለማከብርዎት እትዬ የብርጓል፣

ትናንት ቦርዱ ፊት ቀረብኩ። ሃያ ሰባቱን ካርድ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ፤ አንድ ሰው የጻፈው መሆኑን፣ እኔም አጣርቼ አለማየቴን ተናገርኩ። ሪፖርቴ ስሕተት ነው፣ ይሻርልኝ አልኩ። ሊቀ መንበሩ መነጽሩን አውልቆ "ጥሩ ግኝት ነው፤ በአባሪ ይያያዝ" አለ። አባሪ! የሰው ስም በዋናው ገጽ ጠፍቶ በአባሪ ይመለሳል? ስለ ስልኩ ስጠይቅ አቶ ዓለምነው ሳቀብኝ። "ዕውቀት፣ ዕውቀት ስትል ዘዴህ ራሱ ከዳህ። እኔ እንዲህ ያለ ስልክ አላስታውስም፤ ፊርማው ግን ይታያል" አለ። እርስዎ እንዳሉት ነው፣ ቃል በቃል። የግንቦት ሠላሳው ርክክብ ጸንቷል። ይቅር ይበሉኝ።

ስወጣ በዩኒየኑ መጋዘን በኩል አለፍኩ። ለዘንድሮ ለቁይ የተመደበው መቶ ሃያ ኩንታል ዘር እዚያው፣ የዓምናው በከረመበት ቆርቆሮ ሥር ነው ያለው። በሚያዝያ የጣለው ዝናብ ጊዜ ጣሪያው ሲያፈስ በርሜል ሲያስቀምጡ አይቻለሁ። ሰኔ ሦስት ይጫናል ተብሏል፤ የሚረከበውም አዲሱ ሰው ነው። በበሩ ቆሜ አየሁት። እኔ ስንዴ ብቻ ነው የሚታየኝ። ምን ማየት እንዳለብኝ እንኳ አላውቅም።

ቅጹን ይጣሉት። ከአሥራ አራቱ ሰባተኛዋን ብቻ ይመልሱልኝ፤ "የታመመ ዘር በምን ይለያል?" የምትለዋን። ለተተኪዎ አይደለም፣ ለእኔ ነው። ለአለበል ነግሬዋለሁ፤ ነገ ሲመለስ ጠብቆ ይቀበልዎታል።

ይታያል

*

ቁይ፣ ግንቦት 22

ይታያል፣

አለበል ጡሩምባውን እየነፋ ያጣድፈኛል። በል ያዝ።

በበሩ በኩል ያለውን ጆንያ አትንካ። እሱ ለጎብኚ የሚታይ ነው፤ ሁልጊዜ ደህና ነው። ከመሃል፣ ከሥር ያለውን አስወጣ። አፉን ፍታና ክንድህን እስከ ክርንህ ድረስ አስገባ። እጅጌህን ሰብስብ፤ በሸሚዝ አይታወቅም። አንድ አባታችን ሆይ እስክትደግም አቆየው። ደህና ዘር እጅህን ያቀዘቅዘዋል። ካላበህ ታሟል። ከዚያ አሽትተው፤ የሻገተ እንጀራ ከሸተተህ አልቆለታል። አንዲት ፍሬ በጥርስህ ስበር። ቀጭ ብላ ካልተሰበረች እርጥብ ናት።

በእጅህ ብቻ ተማምነህ ግን እነዚያ ሰዎች ፊት እንዳትቀርብ። እጅህን አባሪ አድርገው ያስቀምጡታል። ከአምስት ከስድስት ጆንያ እያፈስክ መቶ ፍሬ ቁጠር። መልካሙን አትምረጥ፣ እንደመጣልህ ቁጠር። በረጠበ ጨርቅ ጠቅልለው፤ ጨርቁ እንዳይደርቅብህ፣ እንዳይዋኝም። በሰባተኛው ቀን ፍታው። ከመቶው ሰማንያ አምስቱ ካልበቀለ ቆሎ ነው እንጂ ዘር አይደለም።

ዓምና ይህን ጨርቅ ሳልጠቀልል ነው የፈረምኩት። ሰባት ቀን ጠብቁኝ ማለት አፍሬ። ሰባት ቀን!

ይኸው ዕውቀቴ። ሂድ አስተላልፈው።

የብርጓል

*

ደብረ ማርቆስ፣ ሰኔ 1

ለማከብርዎት እትዬ የብርጓል፣

አላበኝ። ከመሃል ካስወጣኋቸው ስድስት ጆንያዎች አምስቱ ውስጥ አባታችን ሆይን ሳልጨርስ አላበኝ። ዘበኛው ያለ ፈቃድ አትገባም ሲለኝ ገፍቼው ገባሁ፤ ለዚያ ዛሬ ጠዋት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጥቶኛል። ደብዳቤውን አንገቴ ላይ ባንጠለጥለው ደስ ይለኛል።

ጨርቁን ሰባት ቀን ጠበቅኩት። ግንቦት ሃያ ዘጠኝ ቦርዱ ሲሰበሰብ ሳልጠራ ገባሁ። ሪፖርት አልያዝኩም፣ ስላይድም አላበራሁም። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ፣ ከታሸገው ውሃቸው አጠገብ ፈታሁት። ሽታው አዳራሹን ሲሞላው ሁለቱ አፍንጫቸውን ያዙ። ቁጠሩ አልኳቸው። ሊቀ መንበሩ ራሱ ቆጠረ፤ አላምን ብሎ እንደገና ቆጠረ። ከመቶው ሠላሳ አንድ ነው የበቀለው። "ይህን አሁን በየትኛው አባሪ እናያይዘው?" አልኩ። ጮኼ ነው የተናገርኩት። አቶ ዓለምነው ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ነበር።

ጭነቱ ቆሟል። ለቁይ ከሌላ መጋዘን ዘር ይፈለጋል ተብሏል፤ የዘር ወቅት እስኪያልፍ ብዙ ጊዜ የለም፤ ስጋቴን አልደብቅዎትም። ቁልፉ ግን የቁይ አባላት እንደገና እስኪሰሙ ድረስ ከእርስዎ ጋር ይቆያል። እስኪሰሙ ድረስ ነው ያሉት፤ ነፃ ነዎት አላሉም። ስብሰባው ሰኔ ስምንት ነው። አቶ ዓለምነውም ይመጣል። በዚህ ጊዜ ካርድ የለም። አንድ በአንድ አጠገባቸው ተቀምጬ የሚሉትን እንዳለ እጽፋለሁ፤ የጻፍኩትን አነብላቸዋለሁ፤ "አዎ፣ ያልኩት ይህን ነው" ካላሉኝ አልነሳም።

አትጠይቀኝ ብለውኛል፤ ነገር ግን አሁን ልተወው አልቻልኩም። ካርዶቹን ደግሜ ቆጠርኳቸው። ሃያ ሰባቱ የምስጋናው ናቸው። ስድስቱ በየራሳቸው እጅ የተጻፉ ናቸው፤ የእርስዎን እጅ ጽሑፍ አውቃለሁ፣ ከስድስቱ ውስጥ የለም። አንዱ ባዶ ነው። ሠንጠረዡ ውስጥ "አስተያየት የለውም" ብዬ መዝግቤዋለሁ። የእርስዎ ነው?

ይታያል

*

ቁይ፣ ሰኔ 3

እንዴት ሰንብተሃል፣ ይታያል? ሰላምታውን ዛሬ ከፊት አደረግኩት። ንዴቴ በርዶ አይደለም።

አዎ፣ ባዶው የእኔ ነው።

ያን ቀን አዲስ ሸሚዝ ለብሰህ ነበር የመጣኸው። ዓለምነው ከጎንህ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ስትናገር ወረቀቱ እጅህ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሥረኛ ክፍል ሳለህ ቆመህ አንብብ የተባልክ ቀን ወደ ቤት መጥተህ እህል አልበላም ትለኝ የነበረው ትዝ አለኝ። ካርዱን ይዤ አሰብኩ። የማውቀውን ብጽፍ "ዘሩን የገደለው ዩኒየኑ ነው፤ ፈርሚ ያለኝም ከጎንህ ያለው ሰውዬ ነው" ብዬ ነው የምጽፈው። ያን ደግሞ እዚያው ጮክ ብለህ የምታነበው መሰለኝ፤ በአለቃህ ፊት፣ በመጀመሪያ ሥራህ፣ አገር ሁሉ እያየህ። እስክሪብቶውን ከፈትኩት፣ መልሼ ዘጋሁት። ካርዱን አጥፌ ባዶውን ሰጠሁህ። አንተም "አመሰግናለሁ እትዬ" ብለህ ተቀበልከኝ።

ከዚያ ወር ሳይሞላ ዛፍህ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ላንተ ብዬ ዝም ብል አንተው ሥሩ ላይ ቀበርከኝ። ያቃጠለኝ እሱ ነው። ቁልፉስ ብረት ነው፤ ቢሄድም ይሂድ። ገበያ ላይ "ዘራችንን የገደለችው" ሲሉኝ ዞሬ መልስ መስጠት የማልችለው፣ መልሴን ባዶ ካርድ አድርጌ ስለሰጠሁህ ነው። አስተያየት የለውም ነው ያልከው? አስተያየት ነበረው!

ለወለተ ሥላሴና ለአያ አበረ ስለ ሰኔ ስምንቱ ስብሰባ ነግሬያቸዋለሁ፤ ይመጣሉ። ምስጋናውም ይመጣል፤ እስክሪብቶውን ቤቱ ትቶ እንዲመጣ አስምዬዋለሁ።

ስትደርስ መጀመሪያ እኔ አጠገብ ተቀመጥ። ዓለምነው በሚሰማበት ነው የምናገረው። ስለ ስልኩም፣ ስለ ፊርማዬም፣ ሰባት ቀን ጠብቁኝ ማለት ስላፈርኩበትም፣ ስለ ባዶው ካርድም እናገራለሁ። እጅህ ቢንቀጠቀጥ ይንቀጥቀጥ። እንዳልኩህ ጻፈው፤ ጽፈህም አንብብልኝ። መጨረሻውን ደግሞ እንዳትቆርጠው።

የብርጓል